እህቴና መርሴዲሱ፦ የአንድ መኪና ግዢ ሂሳብ

ኦክቶበር 2023 ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ መርሴዲስ ልገዛ ነው። አትቆጣኝ፤ ሂሳቡን ብቻ እይልኝ» አለችኝ። (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እህቴ ነርስ ናት። የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ሲሆን የምትሠራው ግን ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ አራት፣ በእያንዳንዱ 12 ሰዓት ትቆማለች። ማታ በእኛ ሰዓት 12 ተኩል ላይ ወጥታ ጠዋት 2 ተኩል ላይ ትገባለች። ለ14 ዓመት ያመላለሳት የ2009 ኮሮላ 198,000 ማይል ሄዶ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የጭስ ምርመራ ወደቀ። ችግሩ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነበር። መካኒካችን የጥገናውን ዋጋ ሲነግሯት መኪናው ራሱ ከዚያ ብዙም እንደማያወጣ ገባት።

ልቧ ያረፈበት የ2020 መርሴዲስ ሲኤልኤ 250 ነው። ነጭ፣ 38,000 ማይል የሄደ፣ ዋጋው 28,900 ዶላር። አዲስ ሳለ መነሻ ዋጋው 36,650 ዶላር ነበር። በእሷ ሂሳብ ሌላ ሰው 7,750 ዶላር ከስሮላታል፤ እሷ የምትከፍለው የቀረውን ብቻ ነው።

አልተቆጣሁም። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ገዝታ የምታውቅ ሰው አይደለችም። የታናናሾቻችንን የትምህርት ቤት፣ የእናታችንን መድኃኒት፣ የዘመድ ለቅሶና ሠርግ ስትሸፍን ኖራለች። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን «አሁን ደግሞ ለእኔ» ሲል መሳለቅ ነውር ነው። ሥራዬ የሰው የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነውና ቃል የገባሁላት አንድ ነገር ነበር፦ ቁጥሩን በሐቅ አቀርብልሻለሁ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው።

መጀመሪያ «መነሻ ደረጃ» የሚባለው ቅንጡ መኪና ምን እንደሆነ መረዳት ነበረብን። ነገሩ አዲስ አይደለም። መርሴዲስ በ1982 ትንሹን 190 ሲያወጣ፣ ትልቁን የማይደፍረውን ወጣት ገዢ ወደ ቤቱ ማስገባቱ ነበር። ሲኤልኤ ደግሞ በ2013 አሜሪካ ገበያ ላይ በ29,900 ዶላር መነሻ ዋጋ ገባ፤ ኦዲ በዓመቱ ኤ3 ሲዳንን ያመጣው በዚያው በ29,900 ነው። ሁለቱም ከ30,000 በታች መባልን ፈልገዋል። ከኮፈኑ ሥር ስንመጣ፣ ሲኤልኤ የተሠራበት መሠረት የፊት ጎማው የሚጎትተው የትንሹ ኤ-ክላስ መሠረት ነው። ኦዲ ኤ3 ከፎልክስቫገን ጎልፍ ጋር መሠረት ይጋራል፤ እስከ 2022 የተሠራው አኩራ አይኤልኤክስም ከሆንዳ ሲቪክ ጋር ይጋራ ነበር። መጋራቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ገዢው የሚያገኘው የትልቁን መርሴዲስ አካሄድ ሳይሆን የትንሽ መኪና አካሄድ በትልቁ መርሴዲስ ልብስ መሆኑን አውቆ ይግባበት።

ዲለሩ ጋ አብረን ሄድን። ቦታው የመርሴዲስ ወኪል ሳይሆን የብዙ ዓይነት ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ነው። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነበር። ቡና አመጣልን፣ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ከዚያ ዋጋውን ሳይጠራ «በወር ስንት ቢሆን ይመችሻል?» አላት። እሷም «ከ400 ካልበለጠ» አለች። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ጻፈና አንድ ወረቀት አትሞ አዞረልን። ወረቀቱ ላይ 397 የሚል ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተከቧል። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ «አየህ፣ ይቻላል» ይል ነበር።

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ከታች በደቃቅ ፊደል 84 ወር ይላል። ሰባት ዓመት ማለት ነው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ በስልኬ ሠራሁት። 28,900 ላይ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ፣ ማለትም 1,199 ዶላር፣ ከዚያ የወረቀትና የታርጋ ወጪ ሲደመር 30,900 ገደማ ይመጣል። ቅድመ ክፍያዋ 5,000 ስለሆነ ብድሩ 25,900 ነው። ወለዱ 7.5 በመቶ። በ60 ወር ቢከፈል በወር 519 ይሆንና ጠቅላላ ወለዱ 5,200 አካባቢ ይደርሳል። በ84 ወር 397 ይሆናል፤ ወለዱ ግን 7,470 ይገባል። ወርሃዊው ቀለለ ማለት መኪናው ረከሰ ማለት አይደለም፤ ከ2,200 ዶላር በላይ ተጨምሮበት ነው የቀለለው። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታጓድል ከፍላ 16,400 ዶላር ገደማ ዕዳ ይቀራታል። ያኔ መኪናው ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ 80,000 ማይል ያለፈ ይሆናል። ያን ቀን አንድ ሰው ቢገጫት ወይም ልትሸጠው ብትፈልግ፣ መኪናው ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል።

ይህን ስነግራት የመለሰችልኝ ነገር ብዙዎቻችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «መኪና እኮ ሀብት ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ። ዲኤክስ ኮሮላ ገዝቶ አሥር ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ታክሱና የውጭ ምንዛሪው እጥረት የአሮጌውን መኪና ዋጋ እየገፋ ያወጣዋል። እዚህ ግን መኪና ከግቢው ከወጣባት ደቂቃ ጀምሮ ይወርዳል፤ ቅንጡው ደግሞ ይብስበታል። «የኋላ ኋላ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚል ሐሳብም ነበራት። እሱንም እኛ ከወሰንን ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል በሩ ተዘጋ።

ወረቀቱን ይዘን ወጣን። ቀጥለን የሄድነው መካኒካችን ጋ ነው። እሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሞተር ጋር የኖሩ፣ ነገር የማያጋንኑ ሰው ናቸው። ሲኤልኤውን አላጣጣሉትም። «ሞተሩ ደህና ነው፣ ሰዓቱን ጠብቆ ዘይቱን ለቀየረለት ይሄዳል» አሉን። ቀጥለው ያሉት ግን የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። «የምትገዢው በ28,900 ነው፤ ዕቃው ግን የ37,000 ዶላር መኪና ዕቃ ነው። መኪናው ሲያረጅ የመኪናው ዋጋ ይወርዳል እንጂ የፍሬኑ፣ የፋኖሱ፣ የካምቢዮው ዋጋ አይወርድም።»

ከዚህ በኋላ ዋስትናውን አየሁ። መርሴዲስ ለአዲስ መኪና የሚሰጠው 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይዘጋዋል። ይህ መኪና ሥራ የጀመረው 2020 መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ኦክቶበር 2023 ላይ የቀረው የወራት ዕድሜ ብቻ ነበር። ወኪሉ ራሱ መርምሮ የሚሸጠው «ሰርቲፋይድ» መኪና ቢሆን አንድ ዓመት ያለ ማይል ገደብ ይጨመርለት ነበር፤ ይህኛው ግን ከወኪሉ ግቢ ስላልሆነ ያም የለውም። ስለዚህ ከ84 ወሩ ብድር ውስጥ 80ውን ወር ያህል የሚበላሸው ሁሉ ከእህቴ ኪስ ነው የሚወጣው።

ነዳጁንም አስላሁት። በዓመት 14,000 ማይል ትነዳለች። ሲኤልኤው በጋሎን 28 ማይል ገደማ ይሄዳል፤ 500 ጋሎን ማለት ነው፤ የሚጠጣውም ፕሪሚየም የሚባለውን ውዱን ቤንዚን ነው። በሰፈሯ ማደያ ያን ሳምንት ፕሪሚየሙ 4.20፣ ተራው 3.30 ነበር። 2,100 ዶላር በዓመት። ኢንሹራንሱን ስትጠይቅ ካሰብናቸው ሌሎች መኪኖች በወር 28 ዶላር በለጠ። የአርሊንግተን ካውንቲ በየዓመቱ የሚያስከፍለው የመኪና ግብርም አለ፤ ከግምት ዋጋው በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር። ክልሉ የሚሰጠው ቅናሽ የሚነካው የዋጋውን የመጀመሪያ 20,000 ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሙሉውን ይከፈልበታል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ይህ ዓመታዊ ግብር የለበትም፤ ስለዚህ የሜሪላንድ ጓደኛ «መርሴዲስ ብዙ አያስወጣም» ሲል የራሱን አገር ሂሳብ ነው የሚናገረው።

እስከዚህ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥር ግን ለብቻው አይበቃም። እህቴ የምትነዳው መንገድ ላይ፣ በምትነዳበት ሰዓት መሞከር አለበት ብዬ ድርቅ አልኩ። ዲለሮች የሚያስሞክሩት በግቢያቸው ዙሪያ ባለ ለስላሳ አስፋልት አሥር ደቂቃ ነው፤ ሰውየውም ተኝቶ፣ በልቶ፣ ተኳኩሎ ነው የሚመጣው። እሷ ግን መኪናዋን በጣም የምትፈልገው ሌሊቱን ቆማ አድራ ወገቧ ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ አርብ ጠዋት ከሥራ ወጥታ ቀጥታ እንድትመጣ ተስማማን።

ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። እናታችንም ከእኔ ጋር ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለተኛ ወራቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሲኤልኤው ጣሪያው ወደ ኋላ ዝቅ እያለ የሚወርድ፣ እንደ ስፖርት መኪና የተቆረጠ ነው። ውበቱም ከዚያ ነው። እናቴ የኋላውን በር ከፍተው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ገቡ፤ ጭንቅላታቸው የጣሪያውን ጠርዝ ነካ። ወጥተው እንደገና ሞከሩ፣ አሁን ጎንበስ ብለው በጎናቸው። ከተቀመጡ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ መኪናው ያምራል። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ስወጣ ማን ይጎትተኛል?» አሉ።

ከኮሎምቢያ ፓይክ ወደ 395 አውራ ጎዳና ወጣን፣ የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ተሻግረን ተመለስን። ሲኤልኤው ፈጣን ነው፤ ሲነካ ይነሳል። መሪው ቀጥ ያለ፣ የዳሽቦርዱ መብራት እንደ ጌጥ ነው። እህቴ ሌሊት ስትመለስ ያ መብራት ደስ እንደሚላት ደጋግማ ነግራኝ ነበር፤ እውነትም ያምራል። ድልድዩ ላይ ግን በየመጋጠሚያው ጎማው «ጧ፣ ጧ» እያለ ወገባችን ድረስ ይሰማናል። ቸርኬው ትልቅ፣ ጎማው ስስ ስለሆነ መንገዱን የሚያበርድ ጎማ የለም። የጎማው ድምፅ ሲበረታ ሬዲዮውን ከፍ አደረገች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሬዲዮውንም አጠፋችው። ስንመለስ ከመኪናው ስትወርድ ሁለቱንም እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ ምንም አላልኩም።

የእኔ ምርጫ የ2021 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው) ነበር፤ 27,500 ዶላር አካባቢ አግኝተንበታል። በንጹሕ ሂሳብ የሚያሸንፈው እሱ ነው፣ ይህን አሁንም አልክድም። ሞከረችው። «ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ በላይ አላለችም። ስጫናት ግን መለሰችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አሥራ አራት ዓመት "ጥሩ ነው" ነድቻለሁ። ጠዋት ስወጣ ከሆስፒታሉ የተለየ ቦታ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ሰው እንዲያየኝ አይደለም።» የተሳሳትኩበት እዚህ ላይ ነው። እኔ ቅንጦት ማለት ሰው ሠርግ ላይ እንዲያይ የሚገዛ ነገር አድርጌ ይዤው ነበር። እሷ የምትፈልገው ዝምታና ጥሩ ወንበር ነበር። ያ ደግሞ የሚለካ፣ ዋጋ የሚወጣለት ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። ከሚሸጡት ቅንጦቶች ውስጥ እሷ በእያንዳንዱ ጠዋት የምትጠቀምበት የትኛው ነው? ፍጥነቱን አትጠቀምበትም፤ ጠዋት ጠዋት 395 የሚሄደው በኤሊ ፍጥነት ነው። የኮፈኑን ኮከብም ከውስጥ ሆና አታየውም። ጸጥታውንና ወንበሩን፣ እናታችን ቀጥ ብለው የሚገቡበትን በርም፣ ትጠቀምበታለች።

ቶዮታ ቅንጡ መኪኖቹን የሚሸጥበትን የሌክሰስን ሃይብሪድ፣ ኢኤስ 300ኤችን፣ ያየነው እንደዚያ ነው። እሱም የሚጋራው መሠረት አለው፦ ከካምሪው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቤንዚን ብቻ የሚጠጣው ወንድሙ ኢኤስ 350 ከ2015 ጀምሮ ኬንታኪ፣ ጆርጅታውን ካምሪ በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥም ሲገጣጠም ቆይቷል። ልዩነቱ የሚጋራው ከትንሽ መኪና ሳይሆን ከመካከለኛ የቤተሰብ መኪና ጋር መሆኑ ነው፤ ገንዘቡም የሄደው ለድምፅ መከላከያ፣ ለወንበርና ለኋላ ሰፊ ቦታ ነው። ያገኘነው የ2019 ነው፤ 52,000 ማይል የሄደ፣ ወኪሉ ራሱ መርምሮ የሚሸጠው፣ ዋጋው 31,900። ከሲኤልኤው በ3,000 ዶላር ይበልጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ እንደገና ከሌሊት ሥራ በኋላ፣ በዚያው መንገድ ሞከርነው። ድልድዩ ላይ መጋጠሚያው ይሰማል፣ ግን ከሩቅ ነው። እህቴ ስትሄድ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስንመለስ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ያዘን፤ በሃይብሪዱ ሞተሩ ጠፋ፤ ምንም ድምፅ የለም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ትከሻዋ ወረደ። ከኋላ እናታችን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ከዚያ ሂሳቡን እንደገና ሠራሁት። ኢኤሱ በጋሎን 44 ማይል ይሄዳል፣ ተራውን ቤንዚን ይጠጣል፤ በዓመት 318 ጋሎን፣ 1,050 ዶላር። ከሲኤልኤው ግማሹ ነው። በዋጋ የሚበልጠውን 3,000 ዶላር ነዳጁ ብቻ በሦስት ዓመት ገደማ ይመልሰዋል። ከካምሪው ጋር ሳወዳድረው ደግሞ በግዢ ዋጋ 4,400 ይበልጣል። እህቴ መኪና እስኪሞት ትነዳለች፤ አሥር ዓመት ብለን ብናካፍለው በዓመት 440 ነው። በዓመት 160 ሌሊት ያህል ትሠራለች፤ ሄዳ መመለሷን ስንቆጥር 320 ጉዞ። ወለድና ታክሱን ሳንጨምር በአንድ ጉዞ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ። «ለዚያ ወንበርና ለዚያ ጸጥታ በእያንዳንዱ ጉዞ ይህን ትከፍያለሽ?» አልኳት። ሳታስብ «አዎ» አለች። ለመርሴዲሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ላቀርብላት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከዋስትናው ውጭ ያሉት ዓመታት ስንት እንደሚያስወጡ ማንም አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም።

ሲኤልኤ ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። አዲሱን በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ሦስት ዓመት ይዞ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ለሚመልስ፣ ቤተሰብ ከኋላ ለማይጭን ሰው ደስ የሚል መኪና ነው። የተሠራውም ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ይመስለኛል። ሊዙን የጨረሰው ሰው የመለሰውን፣ አሥር ዓመት ልይዘው ብሎ በሰባት ዓመት ብድር መግዛት ግን ያሰጋኛል።

ኢኤሱም እንከን አለው። ስክሪኑ የሚታዘዘው በጣት በምትዳሰስ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ስትነጂ ማነጣጠር ያስቸግራል። የ2019ኙ አንድሮይድ ስልክን በስክሪኑ ላይ አያሠራም፣ አይፎንን ብቻ እንጂ፤ የእህቴ ስልክ ደግሞ አንድሮይድ ነው። የኋላው ወንበር አይታጠፍም፤ ረጅም ዕቃ አይገባም። ይህን ሁሉ ከመፈረሟ በፊት ጽፌ ሰጠኋት።

መካኒካችን ሊያዩት መጡ። «ሰርቲፋይድ ነው፣ አያስፈልግም» የሚል ሰው ነበር፤ እኛ ግን 150 ዶላር ከፈልናቸው። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጎን መበላታቸውን አሳዩን፣ ሻጮቹ ሁለቱን ቀየሩ፣ አቅጣጫውንም አስተካከሉ። ከኋላ ወንበር ሥር የሃይብሪዱ ባትሪ የሚተነፍስበት የአየር መግቢያ አለ፤ ማጣሪያውን አውጥተው በመብራት ሲያዩት የውሻ ፀጉርና አቧራ ደፍኖታል። «ይህ ከተደፈነ ባትሪው በሙቀት ነው የሚያልቀው» አሉና እዚያው አጸዱት። በየዓመቱ እንድታጸዳው አሳዩአት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ብድሩን ከዲለሩ አልወሰድንም። ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) በ6.25 በመቶ፣ በ60 ወር አገኘች። ሁለት ወር ታግሣ ቅድመ ክፍያዋን 9,000 አደረሰችው። ከታክስና ከወረቀት ጋር 34,000 ስለመጣ 25,000 ተበደረች፤ በወር 486 ዶላር። ካሰበችው በ86 ዶላር ይበልጣል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን 4,170 ያህል ነው፣ ያኛው 7,470 ነበር። ለ86ቱ ዶላር በወር አንድ ተጨማሪ የትርፍ ሰዓት ገባች። ዲሴምበር 2023 ላይ ፈረመች።

ይህን ስጽፍ መኪናው 79,000 ማይል ደርሷል። እስካሁን ከዘይት ሌላ የወጣው ለአራት ጎማና ለፊት ፍሬን ሸራ ነው። ወኪሉ የሰጠው የሁለት ዓመት ዋስትና አልተነካም። የስክሪኗን ሰሌዳ አሁንም ትረግማታለች። የሃይብሪዱ ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ስለሆነ በእሷ አነዳድ ዓመት ተኩል ያህል ቀርቶታል፤ ለእሱ ብለን በየወሩ 60 ዶላር ለብቻው እናስቀምጣለን።